ሦስት ሰዓት ሳይሞላ

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጣርማ በር ጉም ለብሶ፣
አይሱዙው ገደሉን በጎኑ ተንተርሶ፣
ላቀውን አወጡት ከባናው ጭነት ሥር፣
ዳሌው ተሰባብሮ፣ ደሙ ከውስጥ ሲቋጠር።
ደብረ ሲና ሲደርስ ሁለት ሰዓት አልፏል፤
ከደብረ ብርሃን ደም ገና መንገድ ይዟል፣
ዋሻው ውስጥ ይሁን ጉሙ ውስጥ፣ ማን ያውቃል?

ዶክተር ንጋቱ ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ።
«ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ስጪው።»
አንድ ግራም፣ ቀስ ብሎ፣ በዐሥር ደቂቃ፤
ውሃ የመሰለ ነገር፣ ስሙ ብቻ የረዘመ፦
ትራኔክሳሚክ አሲድ።

እህቱ ይርገዱ፦ «ደም ነው?»
«አይደለም።»
«ደም ይተካል?»
«አይተካም።»
እንዴት ላስረዳት? ትከሻዋ ላይ የነበረውን ባና ጫፉን ያዝኩ፦
«ያልተቋጠረ ጫፍ ታውቂያለሽ?
አንዱ ክር ሲመዘዝ ሌላው ሲከተለው፣
ወር የተሸመነው በአንድ ሌት ሲያልቅ?
የላቀው ደም ራሱ ሸማኔ ነው፣ ቁስሉ ላይ ረግቶ ይሸምናል፤
ራሱ ደግሞ ይተረትራል።
ይሄ አይሸምንም።
የሚተረትረውን እጅ ይይዛል እንጂ።»

ዝም አለች። የሸማኔ እህት ናትና፦
«ታዲያ መያዝስ ሳይተረተር ነው» አለች።
መጽሐፉ ይህንኑ ለመንገር ሦስት ምዕራፍ ፈጅቶበታል።

ለሦስት ሩብ ጉዳይ፣ ሲሪንጁ ባዶ።
በሦስት ተኩል ደሙ ደረሰ፣ ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ።
ሁለተኛውን ግራም ለስምንት ሰዓት ሰቀልኩት፤ ጠብ፣ ጠብ።

ሊነጋጋ ሲል ላቀው ከንፈሩን አላወሰ፤
«ባናዎቹስ?»
«አስፋልት ላይ ናቸው» አለችው ይርገዱ፣
«ጉሙ ለብሷቸው አደረ።»