ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ ቀጠሮ

ሥራዬ ሌሊት ነው፤ ሕፃን ሲተኛ ነው እኔ የምነቃ፣
ኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ የከሰሉ ባቡር ጮሆ ሲያበቃ።
ጆሮውን በስፖንጅ፣ በጥጥ ሸፋፍኜ፣
በፎጣ ጠቅልዬ፣ ለእንቅልፉ ዘብ ሆኜ፣
ከማግኔቱ ጉያ ቀስ አርጌ አስገባለሁ፤
ሳል እንኳ ሲመጣኝ አፌን እይዛለሁ።

ዋይለን ሲመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ፣
መንቀጥቀጥ አልተዉም እጁና አንገቱ።
እናቱ ካይሊን በሩን ተደግፋ፣
ቅጹን ታየዋለች ብዕሩን አኩርፋ።
«በእርግዝናሽ ወራት ምን ወስደሽ ነበረ?»
መስመሩ ባዶ ነው፤ አፉን ከፍቶ አደረ።

«እውነቱን ብጽፈው ልጄን ትነጥቁኛላችሁ?» አለች።
የምስጢር ውላችንን አሳየኋት፣ ማኅተም ያለበት፤
ማኅተም ታውቃለች እሷ፣ የአባቷን ቤት ያሸጉበት።

ቆይታ፣ ቆይታ ጻፈች።
አባቷ ወገቡ ተሰብሮ ከማዕድኑ ሲወጣ የታዘዘለትን ክኒን፣
ከመሳቢያው ሰርቃ የቀመሰችበትን ቀን፣
ክኒኑ ሲያልቅ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ የገዛችውን፣
ፀንሳ የተወችውን፣ ትታ የጀመረችውን፣
ሲጋራውን ሳይቀር።
ጽሕፈቷ መስመሩን ጥሶ ወረደ፣ ከኅዳግ እስከ ሥር።

አንጎሉን ያን ሌሊት አየሁት።
ጉም የተኛበት ሸለቆ ነው የአራስ አንጎል፤
መንደሩ አለ፣ መንገዱ ገና ነው፣ መብራቱ እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል።
«ይሄ ጥላ ምንድነው?» አልኳት ዶክተር ፕሪቻርድን።
«አላውቅም» አለችኝ። «መድኃኒቱ ይሆን? የእናት ጭንቀት?
ብርድ ያለበት ቤት? ወይስ ምንም?
የአንድ ቀን ሰፌድ ምስሩን ከጠጠሩ አይለይም።
በአሥር ዓመቱ ጠይቂኝ፤ ፊደል ሲያስቸግረው፣
ወይም ሳያስቸግረው።»

ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፣ እሺ፤
እርምጃውን ቆሞ የሚቆጥረውን ግን ማን ይቀልበው?
ገንዘቡ የአምስት ዓመት ነው፤
አምስተኛው ሲያልቅ ልጁ ገና የጫማውን ክር ማሰር ሊማር ነው።
ደብዳቤው መጣ፦ «ውጤታችሁ ተስፋ ሰጪ ነው። እናዝናለን።»
ሁለቱን ዓረፍተ ነገር የሚያገናኝ ቃል ፈለግሁ፣ አጣሁ።
ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ በካርቶን ታሽጎ ምድር ቤት ወረደ፤
የማግኔቱ ሌሊት ለጉልበት ሕሙማን ተፈቀደ፤
እኔም ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወርኩ።

ጥቅምት ሲገባ፣ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣
ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ።
ዋይለን የፊት ጥርሱ ወልቋል፤
ካይሊን ከፍሪጁ ላይ የነቀለችውን ካርድ ዘረጋች፣
የእኔ እጅ ጽሕፈት፣ ጠርዙ በቅባት የወዛ።
«ቀጠሮ አለን» አለች።

«ጥናቱ ቆመ እኮ፤ ደብዳቤ አልደረሰሽም?»
«ደርሶኛል። ቀጠሮው ግን አልቆመም።
ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወድቄ ተነሣሁ፤ ቀኑን ጽፌዋለሁ፣ ይኸው።
ሲቆጣ ግድግዳ ይመታል፤ ያንንም ጽፌዋለሁ።
ያን ሌሊት እውነቱን የሰጠኋችሁ በብድር ነበር፣
እናንተ እስክታውቁ እጠብቃለሁ ብዬ።
እኔ እየጠበቅሁ ነው።»

መልስ የለኝም። ሜትር አለኝ፣ የልብስ ሰፊ፣ ኪሴ ውስጥ።
ኮሪደሩ ላይ፣ የውሃ ማሽኑ አጠገብ፣ ጭንቅላቱን ለካሁት፤
ሃምሳ ሁለት። በካርዱ ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩት።
«ውስጡ ምን አለ?» አለ ዋይለን፣ ሽቅብ እያየኝ።
«ጉም ነበር» አልኩት፤ «አሁንማ እንጃ።»
«ቀጣዩስ?» አለች እናቱ።
ማን እንደፈቀደልኝ አላውቅም፤
የመጪውን ዓመት ጥቅምት ጻፍኩ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣
ከሥሩም ስሜን።