ስውር ኪስ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ በላይ
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት ናት ተከራይ።
መሬማ አሊጋዝ ትባላለች። ዶክተር ናት።
ኪኒን የላት፣ መርፌ የላት
(መርፌ ያለው እኔ ጋ ነው)፤
ሁለት ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ የደብተር ቁልል።
"ሥራሽ ምንድን ነው?" ብላት፣
"መስማት" አለች፤ ይኸው፣ አንድ ቃል።

ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣
"ቀሚስ ልለካ" ይላሉ፤
የኩታበሯ ሻሿን አጥብቃ፣
የኮምቦልቻዋ ከሌሊት ፈረቃ
ጥጡ ከፀጉሯ ሳይራገፍ ወጥታ፣
የሐይቋ ባሏን ከብት ተራ ሸኝታ።
ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ለክቼ እጽፋለሁ፣
ደረጃው ሲንቋቋ አንገቴን እደፋለሁ።
መንደሩ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደች ሲል
እሷ ላይ ቤት ናት፣ ከህልሟ ጋር።

"ህልም እንደ ፈቺው ነው" ይባላል ባገሩ፤
መሬማ አትፈታም።
ቋጠሮውን ለባለቤቷ ትመልሳለች፣
"አንቺው ዳሺው፣ ምን ምን ይላል?" ትላለች።

ወለሉ ጣውላ ነው። ጣውላ ምስጢር አይዝም።
የሰማሁት ብዙ ነው፣ አልናገርም።
አንዱን ግን፦
የሐይቅን ተረት ታነሣለች ደጋግማ፤
የተበደለች ነፍሰ ጡር፣ የማይሰማት ከተማ፣
ምድሩ ሲከዳ፣ ውሃው እመቤቲቱን ሲያሰጥም
የተቀመጠችባት መሬት ብቻ አልራሰችም።
እዚህ ላይ ዝም ትልና ጥቂት፣
"አንቺስ" ትላለች፣ "የተቀመጥሽባት
ያልራሰችው መሬት የት ናት?"

ለቅሶው ያኔ ነው።
እኔም ያኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣
ጨርቅ ኖረም አልኖረ ሲንጀሬን አስጮሃለሁ፣
ድምፁ ወደ አስፋልቱ እንዳይወርድ፣
በሰው አፍ ላይ ሌላ ለቅሶ እንዳይወለድ።

ሲወርዱ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣
የተማከሩ ይመስል የሚያዙኝ አንድ ነገር፦
"ኪስ አድርግልኝ። በውስጥ በኩል። ከውጭ አይታይ።"
"ምን ሊገባበት?" ያልኩት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው።
"እንጃ" አለችኝ። "ቦታው ይኑረኝ።"

መሬማን ጠየቅኋት፣ ዝናብ ባገደን ማታ፦
"ኪሱን የምታዢው አንቺ ነሽ?"
"ወላሂ አላልኳቸውም" አለች፣ ነጠላዋን ፈትታ።
ከዚያ ሳልጠይቃት፦
"እናቴ ወረባቦ ህልሟን የምትነግር ለጉድጓድ ውሃ ነበር፣
ጎንበስ ብላ፣ በማለዳ፣ ሰው ሳይነቃ።
ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ የተማርኩት
ያንን ጉድጓድ ነው፤ ገና አልደረስኩም፣ ገና ነው ጥልቀቱ።"

ባለፈው ሐምሌ፣ የጦሳ ጉም በራፌ ድረስ ወርዶ
አንዲት ሴት ጨርቅ ታቅፋ ቆመች።
ሉባባ። ሚስቴ።
"ቀሚስ ልለካ" አለች።
ሃያ ስድስት ዓመት ልብሷን ስሰፋ
ሜትር አንሥቼላት አላውቅም፤ ልኳን በእጄ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።
ያን ቀን ለካኋት። ደረት። ወገብ።
ወገቧ ላይ ሁለት ጣት ጎደለ። መቼ ከሳች?
ደረጃው ተንቋቋ።

መኪናው ክር አልነበረውም። ረገጥኩት፣
እግሬ እስኪዝል ረገጥኩት፣
መርፌው ባዶውን ሲወጋ፣ ሲነቅል፤
እሷን ነው ከመንገዱ የሸሸግሁት
ወይስ እኔን ከእሷ?

አልጠየቅኋትም። አልነገረችኝም።
ኪሱን በግራ፣ ከጎድኗ በታች፣ በድርብ ስፌት አኖርኩት።
ሐሙስ ማታ ቀሚሱን እተኩሳለሁ።
ካውያው እዚያ ሲደርስ
አንዳንዴ የሆነ ነገር ይነካኛል፤ ትንሽ፣ ጠጣር።
ካውያውን አነሣለሁ፣
ዙሪያውን ብቻ እተኩሳለሁ።