ዘርጋው

ስሙ ዘርጋው ነበር፤ ሱቁ ግን ጠባብ፣
ሁለት ሰው ከቆመ አንዱ ትንፋሹን የሚሰበስብ።
ከዶሮ ማነቂያ መውጫ፣ ከሰዓት አዳሹ ጎን፣
ባለቤት የረሳው ካሜራ ሁሉ፣ ክዳን የለበሰ ዓይን።

በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌንስ ሰጠኝ፣
ሲስቡት እንደ ኤሊ አንገት የሚወጣ፣
ሲገፉት ወደ ድንጋዩ የሚመለስ።
«ይህን» አለ «ባገኘኸው ቤት ሁሉ አታስገባው፤
ሩሲያዪቱ ሆደ ሰፊ ናት፣ ቢተኛባት ምንም አይነካው።
ያቺ ጥቁሯ ግን ብርሃን የምትለካበት
ቀጭን ክንድ አላት፣ ከመዝጊያዋ ፊት፤
እሷ ጋ ቆሞ ይደር፣ አትግፋው።
ከማንሳትህ በፊት ደግሞ ስሜን አትርሳ፤
ተስቦ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ ካልተቆለፈ፣ ጉም ነው የምታነሳ።»

ሰማሁ መሰለኝ። ጆሮዬ መንገድ ላይ ነበር፣
ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» ሲል፣
እኔ የእሁዱን ኳስ በልቤ ስጫወት።

አንድ ዓርብ ለአስር ደቂቃ ወጣ።
የአቶ ይልቃል ጥቁር ካሜራ ጠረጴዛው ላይ።
ሌንሱን ገጠምኩባት፣ አማረባት፤
ለቦርሳ ይመች ብዬ በአውራ ጣቴ ገፋሁት።

ቀጭ።

የክብሪት እንጨት ያህል። ከዚያም ያነሰ።

ጋሽ ዘርጋው ተመልሶ ካሜራዋን ጆሮው ላይ
እንደ እንቁላል ነቀነቃት።
ውስጧ የሆነ ነገር ተንኳኳ።
አልጮኸም። «ሰው ቤት ስትሄድ» አለኝ «እስከ ጓዳ ትዘልቃለህ?»

ከዚያ ካሊብሮውን አወጣ።
የባዶዋን ካሜራ ጥልቀት ከአፏ እስከ መጀመሪያው መሰናክል፣
የታጠፈውን ሌንስ ጭራ፣
በሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፈ፣ ቀነሰ።
«ከሁለት ሚሊሜትር ካነሰ ተወው። ለማታውቃት ደግሞ
አንገቱ ላይ ፕላስተር ጠቅልል፣ ሁለት ዙር፤
ልግባ ቢል እንኳ ደጃፍ ላይ ይቀር።»
የክንዱን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጠ፣ ስምንት ወር።
ተቀይሜው ነበር፣ አልዋሽም።

በዓመቱ በራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ።
ሰዓት አዳሹ ቀድሞ ወጣ፣ ግድግዳው ላይ
የሰዓቶቹን ክብ ክብ ነጭ ጥላ ትቶ።
በመጨረሻዋ ቀን «ላንሳህ» አልኩት።
ረጅም ሰው ነው፣ ባዶው መደርደሪያ ፊት ቆመ፣
እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።
ጣቴ መጫኛው ላይ ካረፈ በኋላ ነው ያየሁት፣
ሌንሱ እንደታጠፈ ነው።
ለራሴ፣ ጮክ ብዬ፣
«ዘርጋው!» አልኩ።

ጋሽ የለ፣ አቶ የለ።
ቀና አለ፤ ፊቱ ሊቆጣ ጀምሮ
ሌንሱን አየና መሃል ላይ ተወው።
ሳብኩት። ወደ ቀኝ። ተቆለፈ።

ዛሬ የምንሠራው አራት ኪሎ ነው፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ስር።
ሲገባ በሦስት ቦታ ይታጠፋል፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ አንገት።
ፎቶው ከበላዩ ተሰቅሏል፣ ትከሻው ትንሽ ተንቀሳቅሶ።
ትናንት ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ
ካሊብሮ አይበቃም፣ በስንዝር ለካሁ፣
ከወንበሩ እስከ ደረጃው ጠርዝ፤
ቀነስኩ።
ከዚያ ሲሚንቶው ላይ፣ ግንባሩ በሚደርስበት ልክ፣
ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ሁለት ድርብ።