አንድ መቶ አሥራ ሰባት

ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን፤ ሣሩ ጨው መስሏል፣
ውርጩ ከቧንቧው አፍ ላይ ጥርስ አብቅሏል።
በብርድ ልብስ ፋብሪካው በር መሰላል አቁሜ፣
ልብስ ሰፊ መርፌ እንደሚነክስ፣ ሁለት ብሎን በጥርሴ ገጥሜ፣
ግድግዳው አልበሳ አለ፤ የጥንት ድንጋይ ነው፤
መሰርሰሪያው ጮኾ ጮኾ ትንፋሹ አጠረው።

ጋሽ ሸዋቀና፣ ዘበኛው፣ ካፖርቱን አጥፎ፣
መዝገቡን በብብቱ እንደ ጫጩት አቅፎ፣
«እንግዲህ ይቺ ናት» አለኝ «እኔን የምትተካ?»
ሣጥኗን በዓይኑ ሲመዝናት፣ ሲሰፍራት፣ ሲለካ።

ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ፣
ማግኔቱ ከጉበኑ፣ ብረቱ ከበሩ፤
መብራቷ በራ። ጠቡም ያኔ ነው የተነሣው፣
ሰዓቷን ስሞላ፣ ጠዋቱን «ሰባት» ብዬ ሳወሳው።
«ሰባት?» አለ፤ «ሰባትማ ምሳ ተበልቶ ነው!
ፀሐይ ከጋቢዋ ሳትወጣ ሰባት የሚል ማን ነው?»
ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ እየጎተትኩ መለስኳት፤
ወሮቿን ስቆጥር ደግሞ ጳጉሜ የላት።
ሳቀ ጋሽ ሸዋቀና፦ «ይቺስ የቤቱን ሕግ አወቀች፤
ጳጉሜን ድሮም አልከፈሉን፤ እሷም ይኸው ዘለለች።»

ከዚያ ሠራተኛው መጣ፣ በተራ፣ በሰልፍ፣
አንዱ ጣቱን በአፉ ሲያሞቅ፣ ሌላው በብብቱ ሲያቅፍ።
ተጫን፤ አንሣ፤ ድገም፤ ሦስተኛ፤ ጢጥ!
ስም፤ ቁጥር፤ አረንጓዴ፤ ቀጥል፤ ጢጥ!
ደመረ ከማቅለሚያው፣ ጥፍሩ እንደ ሰማይ የጠራ፣
ሌሊት ያደረው ሙሉሰው፣ ቆሞ እያንቀላፋ በተራ፣
እስከ አንድ መቶ አሥራ ስድስት፣ አንድም ቀይ ሳይበራ።

እትዬ የሻረግ፣ ከሱፍ ማጠቢያው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
በትኩስ ውኃና በሶዳ እጇን የነከረች ሴት፣
አውራ ጣቷን አኖረች። ቀይ።
ጠቋሚዋን። ቀይ።
የግራውን። ቀይ።
መሣሪያዋ በባዕድ ልሳን «እንደገና» ትላለች፤
እትዬ የሻረግ ሳይገባት «እሺ እናቴ» ትመልሳለች።

በሶፍት ጠረግኩላት። ቫዝሊን ቀባሁላት።
መስተዋቱን በጋቢ ጫፍ ወለወልኩላት።
አሥሩም ጣት ቀረበ፤ አሥሩም ተመለሰ፤
እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሶ፣ መስመሩ የፈረሰ።

«ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ «ይህ ጣት እኮ ፊርማዬ ነው፤
በሐምራዊ ቀለም ነክሬ ደሞዜን የተቀበልኩበት ነው፤
ባሌን የፈታሁበት፣ የቀበሌ ቤት የወሰድኩበት ነው፤
ያኔ ሁሉም አወቀው። ዛሬ ምን አጥፍቶ ነው?»

ምን ልበላት? መመሪያው፣ ገጽ አርባ ሦስት ላይ፣
«ጣቱ ላልተነበበ ካርድ ይሰጠው» ብሎ ያልፋል።
የት ሄደ ብላ ብትጠይቀኝ መልሱ እዚያው ነበር፤
በስንት ሰው አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ በዚህ በውርጭ አገር።

ካርድ ሰጠኋት። ነጭ፣ ባዶ፣ ከመጫወቻ ካርታ የሚያንስ።
ገለበጠችው፤ አሸተተችው፤ «ፎቶዬስ?»
ከዚያ በመቀነቷ ጫፍ ሁለቴ ቋጠረችው፣
ከቤቷ ቁልፍና ከአሥር ብር ጋር አጎራበተችው።

በማግስቱ አየኋት። እጇን አላነሣችም።
ቋጠሮውን አልፈታችም።
ጎረቤቷን እንደምትጎሽም፣ ጠጋ አለች በጎኗ፣
ጢጥ! አረንጓዴ ሆነ የሣጥኗ ዓይኗ።
ከኋላዋ ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈረሰ፤
ጋሽ ሸዋቀና ግን የእስክሪብቶውን ጫፍ በምላሱ አራሰ፣
ጻፈም፦ «የሻረግ። አንድ ሰዓት ከሩብ። በወገቧ ገባች።»

ሥራ ሲያልቅ ሕጉ ነው፤ የገጣሚው ጣት ይሰረዛል።
ቁጥር አንድ እኔ ነበርኩ።
«እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። አዎን አልኩ። ጠፋሁ።

መሰላሌን ከውስጥ ረስቼ ኖሮ፣
ተመልሼ አውራ ጣቴን ብሰጣት፣ ቀይ።
«እንደገና» አለች፣ ያው ድምፅ፣ ያው ትሕትና።
ብርዱ ጆሮዬን ሲቆርጠው መስኮቱን አንኳኳሁ፤
ጋሽ ሸዋቀና አንገቱን ብቅ አደረገ፣
አየኝ፤ መዝገቡን ገለጠ፤
«ማን ልበል?» አለኝ።