ሰሚያስ

የተሰበረውን ብረት በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
ዘይቱ ሸሚዜን ሲበክል ብብቴ ሥር አዝዬ፣
ሶማሌ ተራ ገባሁ፤ ነሐሴ፣ ማለዳ፤
መሬቱ ዘይት ጠጥቶ፣ ዝናቡ ሊጥል ሲሰናዳ።

«አቤት!» አለኝ ነስሩ ከብረት ክምር መሐል፤
«ይሄንስ ምን ነካው? እንደ አገዳ ተጠምዝዟል።
የት ነው የምትነዳው?»
                              ደረቴን ነፋሁ፤
«አፋር» አልኩ፣ «ኦሞ ወንዝ፣ አሸዋ...» ዋሸሁ።

እውነቱ ይኼ ነው፤ የእኔ መኪና ውሎ፣
ከአራት ኪሎ ተነሥቶ፣ በፒያሳ ቁልቁል ተንከባሎ፣
ቸርችልን ወርዶ፣ ፖስታ ቤት ቆሞ፣
ለገሃር መብራት ላይ ከታክሲ ጋር ተፋጦ፣ ደክሞ፣
ማታ መመለስ ነው።
የፎርዊሉ ማርሽ እጁን አጣጥፎ፣
ቁጭ ብሏል እንደ ጡረተኛ ግድግዳ ተደግፎ።

ሰሚያሱስ የተሰበረው? በረሃ አይደለም፤
ተክለ ሃይማኖት ጋ ነው። እኔም አላመንኩም።
ለውኃ ቧንቧ ብለው የቆፈሩት ጉድጓድ፣
ዝናብ ሞልቶት ሳላየው፣ ሲመስለኝ መንገድ፣
«ቀጭ!» አለ። ያቺ ድምፅ። አንድ ጊዜ ብቻ።
ከኋላዬ ጀመረ የክላክስ ዘመቻ።

ነስሩ አንዱን ገለጠ፣ ከዱባይ የመጣ፣
ወፍራም፣ እንደ ሙሽራ ክንድ ከቅባት የወጣ።
«ይሄ አይሰበርም» አለ፣ «ዋሱ እኔ ነኝ፤
ተራራ ጎትትበት፣ ከተሰበረ ጥራኝ።»
ዋጋውን ሲነግረኝ ምራቄን ዋጥኩ፤
ኪሴ ውስጥ፣ በጣቴ፣ ላንዱ ብቻ ቆጠርኩ።
«አንዱን ስጠኝ፣ ለግራው። ቀኙ አሮጌው ይቆያል።»
አብሮኝ የመጣው መካኒክ፣ ጋሽ በዳሶ፣ ይሥቃል፤

«በሬ ከጥጃ ጠምደህ ልታርስ ነው እንዴ?
ድህነት አውቀዋለሁ፤ ግን ይሄ አይደለም ዘዴ።
ጥንዱንም ብትገዛ ስማኝ፤ ይሄ ወፍራም
አልሰበርም ይላል፤ ጉድጓዱ ግን አይተውም።
ጉልበቱ የት ይሂድ? ይሻገራል ወደ ውስጥ፣
ዲፍረንሻሉ ሆድ ገብቶ ጥርስ በጥርስ ሊቀጠቅጥ።
ያ ደግሞ የስንት ወር ደሞዝህን ይበላል።
ሰሚያስ ርካሽ ነው፤ ርካሹ ቀድሞ ይሰበራል፣
ውዱን ሊያተርፍ።»

ዝም አልኩ። ጋዜጣውን ፈታሁ፤ ስብራቱን አየሁት፤
በመሐሉ ግራጫ፣ ቀለበት በቀለበት፣
ዛፍ ሲቆረጥ ዕድሜው እንደሚታይበት።
ለካ በአንድ ጉድጓድ አይደለም የተሰበረው፤
ስንት ዓመት ሲሰነጠቅ ማንም አልሰማው።

በየቤቱ አንድ አለ፣ ቀድሞ የሚሰበር፤
እኛ ቤት አስካለች ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር
ደብተሯን ስትከድን። አራት ነን የተረፍን፤
በስፌት መኪናዋ ድምፅ እንቅልፍ የወሰደን።
ዛሬ ጉልበቷ አይታጠፍም። በየማለዳው
ላንድክሩዘሩ በር ሥር በርጩማ ነው የማስቀምጠው፤
እጄን ይዛ ትወጣለች፣ «ይሄ ፎቅ!» እያለች፤
ፖስታ ቤት ጎን፣ ክር ልትሸጥ፣ ሱቋ ጋ ትወርዳለች።
ያን ጉድጓድ የገባን ዕለት ከጎኔ ነበረች።
«እኛ ደህና ነን አይደል?» ብላ በርጩማዋን ጠየቀች።

«አሮጌ ጥንድ አለህ?» አልኩት፣ «ከአንድ መኪና የወጣ፣
ከፋብሪካው የነበረ?» ጎንበስ ብሎ ገባ፤ አመጣ።
ጋሽ በዳሶ በቁልፍ መታቸው፣ ጆሮውን አስጠጋ፤
«ስንጥቅ የላቸውም» አለ። «በል፣ ተከራከር በዋጋ።»

ማታ ቸርችልን ስወጣ ሬድዮኑን ዘጋሁት፤
ከሥር፣ ግራና ቀኙን፣ መንገዱን አደመጥኩት።
«ምን ትሰማለህ?» አለች፣ የተረፋትን ክር እየቋጠረች።
«ምንም» አልኳት።
                    እሷም መስኮት መስኮቱን አየች።
የተሰበረው ብረት ከወንበሯ ሥር አለ፤
አልጣልኩትም። መብራቱ በራ፤ ከኋላ ክላክስ ቸኮለ።