የወንበሩ ልክ

ጋራዡ ውስጥ ነው፣ በክረምት ጎማና በአሮጌ መረብ መካከል፣
ስታይንቶር ዘጠኝ ክረምት የለፋበት፣ አውሮፕላን የሚመስል።
ክንፍ የለው፣ ጭራ የለው፤ ከአውቶቡስ የተነቀለ ወንበር፣
ሦስት ስክሪን፣ አንድ መሪ፣ በሽቦ የታሰረ በር።

ከስክሪኑ ፊት በቀጭን ዘንግ ሁለት ዶቃ ሰክቷል፤
ቀዩ ወደ ዐይን ቀረብ፣ ነጩ ስንዝር ያህል ወዲያ ርቋል።
«ዐይንሽ በቦታው ሲውል ቀዩ ነጩን ይጋርዳል፤
ሁለቱ አብረው ከታዩሽ ግን ወንበሩ ዋሽቶሻል።»

እኔ አጭር ነኝ። የርሱ ቁመት የበር ሁሉ ዕዳ፣
ሠላሳ ዓመት ጎብጦ ነው የበረዶ መጥረጊያ የነዳ።
እኔ ስቀመጥ ወንበሩ አራት ጥርስ ይወጣል፣
እርሱ ሲመለስ አራት ጥርስ ይወርዳል።
«ማን ነካው?» ይላል ፊቱን አጨፍግጎ፣
ከእኔ ሌላ ሰው በቤቱ ፈልጎ።
በመጨረሻ ሐዲዱ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር አሰመረ፣
አንዱ የኔ ልክ፣ አንዱ የርሱ። ጠቡ ግን አልቀረ።

ባለፈው መጋቢት ሞተ።

ጋራዡን ሳልከፍት በጋው አለፈ። ኅዳር መጣ፣
ፀሐይ እስከ ጥር ድረስ ከተራራው ጀርባ ላትወጣ።
አንድ ምሽት፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያላጋ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ፤
ወንበሩ በርሱ ልክ ነበር። አልነካሁትም። ተቀመጥኩ።

ቀዩ ዶቃ ከላይ፣ ነጩ ከሥሩ፣ ቁልጭ ብለው፣
ትራስ የለዩ ባልና ሚስት መስለው።
በፊዮርዱ ወረድኩ፤ የሌለኝን ቀኝ ክንፍ ተራራው ሊፍቀው ምንም ሳይቀረው፣
የመንደርደሪያውን ግማሽ የሰሌዳው ጠርዝ ሰወረው።
ከጎኑ አራት መብራቶች። ሁሉም ነጭ ቢሆኑ ከፍ ብያለሁ፤ ሁሉም ቀይ ቢሆኑ ወዮልኝ፤
ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቀይ። ለቁመቴ ግድ የላቸው፣ መንገዱን ብቻ ነገሩኝ።

መሬት ነካሁ። አንድ ዝላይ፣ ሌላ ዝላይ፣ ቆምኩ።
እርሱ የሚያየውን ልይ ብዬ ነበር በርሱ ልክ የተቀመጥኩ፤
ተሳስቻለሁ። አራት ጥርስ ከፍ አልኩ።
ነጩ ከቀዩ ጀርባ ቀስ ብሎ ገብቶ ተሰወረ፤
በየልካችን ስንቀመጥ ነው ለካ
ዐይናችን አንድ ቦታ የነበረ።

አሁን የጎረቤቴ ልጅ ኦርሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤
ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከኔ ይረዝማል፣ ከስታይንቶር ያጥራል።
ሁለቱም መስመር እምቢ አሉት። ጠመኔውን ሰጠሁት።
«ዶቃዎቹን ጠይቅ፣ እኔን ተው» አልኩት።
አንገቱን አስግጎ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ወንበሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ፤
«ጠፋ!» ብሎ ጮኸ፣ ነጩ ሲከለል ስላየ።

እሑድ ማታ ብቻዬን ገብቼ ቁጭ ስል ሁለት ዶቃ አየሁ።
«ማን ነካው?» አልኩ፣ ፊቴን አጨፍግጌ፤
ዘወር ብዬም ሰው ፈለግሁ።