እንየው

«መብራት ሳይጠፋ ቶሎ ቁረጠው» አለ ደላላው፤
«ቆይ፣ እንየው» አለ እንየው፣ ስሙም መልሱም ያው።

ከሽምብጥ ዳር በጀሪካን የጣና ውኃ ቀድቶ፣
ድንጋዩን አርሶ ጠበቀ፣ ለጠዋት ፀሐይ ሰጥቶ።
ፊቱ ደረቀ፣ ጀርባው ደረቀ፣ ጎኑ ነጣ፤
አንዲት ክር ብቻ እርጥብ ቀረች፣ ፀጉር የምታህል ጣጣ።

«አየሃት?» አለኝ።

«አግድም ካቋረጥሃት ቁራጩን ሁሉ ትሰብራለች፤
ጎን ለጎኗ ከሄድህ ግን አንዱን ብቻ ትበላለች።»

መጋዙ ገብቶ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ መብራት ጠፋ፤
ደላላው ተነሥቶ ወጣ፣ ጫቱን እየተፋ።

እኛ ቀረን። ብረቱ ድንጋዩ ውስጥ እንደተነከሰ፣
ከስንጥቋ አንድ የጣና ጠብታ
ሳይቸኩል ጣቴ ላይ ደረሰ።